ስለ መጅሽ ላስፈቅድሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናሽ እንደምን እንደሆነ፣ ጉልበትሽም ካለፈው ወር ይሻል እንደሆነ እጠይቅሻለሁ። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነን። የደሴ ብርድ ዘንድሮም እንደምታውቂው ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሳያወልቅ ይረፍድና እኛም ጋቢ ደርበን እንወጣለን። ይህን ነገር በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ስንነጋገር ግማሹን ሰምተሽ ያልሰማሽውን ግማሽ «እሺ የኔ ጌታ» እያልሽ እንደምታልፊው ስለማውቅ፣ የምጠይቅሽም ጉዳይ ጊዜ ወስደሽ የምታስቢበት ስለሆነ፣ በደብዳቤ አድርጌዋለሁ። የእትዬ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ከደከመሽም ለሁለት ቀን ከፍላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አባት አርፈው ለቅሶ ለመድረስ ወደ ኩታበር ሄጄ ነበር። ከደሴ ቦሩ ሜዳን አልፎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና መንገዱን ታውቂዋለሽ። ከለቅሶው ስንነሣ የባልደረባዬ አጎት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሸለቆው ግርጌ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የውሃ ወፍጮ እንዳለ፣ ባለቤቱም ከወፍጮው ጎን ባለች ቤት የጥንት ዕቃ ሰብስበው ለመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያሳዩ አጫወቱን። እኔም ሌሎቹ በመኪና ሲመለሱ ከእሳቸው ጋር በእግር ወረድሁ። ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። በመንገድ ላይ ሽማግሌው እንዳስረዱኝ፣ ከኩታበር በስተ ምዕራብ የሚፈልቀው ውሃ ወደ በሽሎ ገብቶ ከዓባይ ጋር አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ ከተራራው ወዲህ በደሴ በኩል ያለው ግን ወደ ቦርከና ወርዶ ከአዋሽ ጋር አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። እኔ በልጅነቴ አህያ እየነዳሁ እህል ያስፈጨሁበት ወንዝ የቦርከና ገባር ነው። ያ ውሃ የእኛን ገብስ ከፈጨ በኋላ ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ መቅረቱን ያወቅሁት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ስማር ከርሜ፣ ፊደል ካልቆጠሩ ሽማግሌ አፍ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት የበግ ጉረኖ ይመስላል። በድንጋይ የተካበች፣ በሳር የተከደነች፣ ጎንበስ ያላለውን የማታስገባ ትንሽ ቤት ናት። ውስጧ ከገቡ በኋላ ግን ዓይን እስኪለምድ ድረስ ሁሉ ነገር ነጭ ነው፤ ግድግዳው፣ ማገሩ፣ የባለ ወፍጮው ቅንድብ፣ በማዕዘኑ ያለው የሸረሪት ድር እንኳ ዱቄት ለብሶ ነጠላ መስሏል። ሽታው ወዲያው ነው የያዘኝ። የናፍጣ ወፍጮ ዱቄት ሲወጣ ትኩስ ነው፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ የዚህ ግን እጅ ውስጥ ሲይዙት ቀዝቃዛ ነው፣ የሚሸተውም ገብስ ብቻ ነው። ባለ ወፍጮው ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ እንግዳ መሆኔን ሲያዩ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «አብሽር፣ ቁጭ በል፣ ይህች ስልቻ ታልቅና እናወራለን» አሉኝ።

አንቺ እህሉን አበጥረሽ፣ ለቅመሽ፣ ስልቻ ውስጥ ከትተሽ ከላክሽ በኋላ ዱቄት ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ምን እንደሚደርስበት ቆመሽ አይተሽ ስለማታውቂ ልንገርሽ። ከወንዙ ከላይ በኩል የተጠለፈው ውሃ በቦይ እየተመራ እስከ ቤቱ ጀርባ ይመጣና፣ ከግንድ በተፈለፈለ አሸንዳ ቁልቁል ተወርውሮ ከወለሉ በታች ያለውን የእንጨት መዘውር ይመታዋል። መዘውሩ እንደ ጋሪ እግር የቆመ ሳይሆን እንደ ምጣድ የተኛ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ ብለው የተጠረቡ ክንፎች ተሰክተውበታል። ከመሃሉ የተነሣው ዘንግ ወለሉን አልፎ፣ በታችኛው ድንጋይ ቀዳዳ በኩል ወጥቶ፣ ከላይኛው ድንጋይ ጋር በብረት ይያያዛል። የታችኛው ድንጋይ ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ የላይኛው ግን መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር እርሱም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በመካከላቸው ጥርስ የለም፣ ሰንሰለት የለም፣ ቀበቶም የለም።

ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ ግን አንዲት ቀጭን እንጨት ናት። እህሉ ከላይ ከተሰቀለው ማፍሰሻ ወደ ድንጋዩ ዓይን የሚወርደው ጥቂት ጥቂት እያለ ነው፤ እንዲህ የምታደርገውም ይህች እንጨት ስትሆን፣ አንድ ጫፏ ከማፍሰሻው ጋር ታስሯል፣ ሌላው ጫፏ በሚዞረው ድንጋይ ጀርባ ላይ እየነጠረ ማፍሰሻውን ያንቀጠቅጠዋል። ውሃው ሲበረታ ድንጋዩ ይፈጥናል፣ እንጨቷም ትፈጥናለች፣ እህሉም ይበዛል፤ ውሃው ሲደክም ሁሉም አብሮ ይደክማል። በልጅነቴ ወረፋ ስጠብቅ ሌሊቱን ሁሉ የምሰማው «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ የዚህች እንጨት ድምፅ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ድንጋዩ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ዱቄቱ እንዲልም ሲፈለግ ከታች ባለ አግዳሚ ዘንጉን ዝቅ፣ ሽርክት ሲፈለግ ከፍ ያደርጉታል፤ አንቺ መጀመሪያ ሸርክተሽ፣ ቀጥሎ አልመሽ፣ ሁለት ጊዜ በክንድሽ የምትመላለሺበትን ሥራ እርሳቸው በሁለት ጣት ግፊት ያደርጉታል ማለት ነው።

በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደነበርና፣ ካህናቱ ያለ ሰው እጅ የሚፈጭ ነገር የአጋንንት ሥራ ነው ብለው እንዳስተዉት በአንድ ወቅት አንብቤ ነበርና ለባለ ወፍጮው ነገርኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ እንዲህ ብለው የፈረዱት ወንዶች ይሆናሉ፣ አንዲት ሴት በመካከላቸው ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ወፍጮው እስከ ዛሬ ይፈጭ ነበር አሉኝ። የእኚህ ሰው ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸውን ወረኢሉ ላይ ሲሰበስቡ፣ ያን ሁሉ ሰው በየሰፈሩ ጎንበስ ብለው እየፈጩ ያበሉት ሴቶች ነበሩ፤ ስማቸው ግን ከመኳንንቱ ስም ጋር አልተጻፈም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩትም ሳልፈልገው ነው።

ስልቻይቱ ካለቀች በኋላ ባለ ወፍጮው ውሃውን ከአሸንዳው አስወጥተው ድንጋዩን አቆሙትና፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው የላይኛውን ድንጋይ በእንጨት አንሥተው ገለበጡት። ድንጋዩ ለስልሶ ነበርና ሊወቅሩት ነው። መውቀሪያቸውን ይዘው ከመሃሉ ወደ ዳር እየተመለሱ ጠረቡት፤ ጠጠር እንደ ብናኝ ይረግፋል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ውቅር ስንል ከዚሁ ከመውቀር የመጣ ቃል መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ሠሪዎቹም ምናልባት ብዙ ወፍጮ የወቀሩ እጆች ይሆናሉ ብዬ ለራሴ አሰብኩ። ድንጋዩ ተመልሶ ሲገጠም ግን ወረፋ ይዘው ከነበሩት ሰዎች አንድም ቀድሞ የሚነሣ ጠፋ። ሁሉም እርስ በርስ «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» ይባባላል። ባለ ወፍጮው ሳቁና ከቁናቸው ሁለት እፍኝ ያህል እንክርዳድና ግርድ አፍስሰው ፈጩ፤ የወጣውንም ጠርገው ከውጭ ጣሉት። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ የሚፈጨው ራሱን ነውና፣ ያን ጠጠር ካልጠረጉለት በቀር የመጀመሪያው ሰው ዱቄት አሸዋ እንደሚሆን፣ ይህንንም የማያውቅ የደጋ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ።

እማዬ፣ እኔ አላውቅም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደቦ የጠራ ጊዜ ታስታውሺያለሽ። አንድ ስልቻ ገብስ በአህያ ጭነሽ ላክሽኝ። ወፍጮ ቤቱ ስደርስ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም «ልጅ ነው፣ ይቅደም፣ መንገዱ ሩቅ ነው» እያሉ ከፊታቸው አሳለፉኝ፤ እኔም እንዲህ ያለ ደግ ሰው በዓለም አይገኝም ብዬ መርቄያቸው ተመለስኩ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ስመጣ በማየትሽ ደስ ብሎሽ ግንባሬን ሳምሽኝ። ከዚያም ከዱቄቱ ቆንጠር አድርገሽ በጥርስሽ ስትቀምሺ አየሁሽ፤ ዝም አልሽ። ያን ሌሊት በተኛሁበት መጅሽ ከወፍጮው ላይ ሲመላለስ እሰማ ነበር፤ አንድ ጊዜ ነቅቼ ስሰማ ነበር፣ ሁለተኛም ነቅቼ ስሰማ ነበር፣ ዶሮ ሲጮህም አላቆመም። እኔ ሙሉ ስልቻ አስፈጭቼ መጥቼ ሳለ እናቴ ለምን ትፈጫለች ብዬ አልጠየቅሁም፤ ልጅ ለምን ይጠይቃል? የመጅ ድምፅ ለእኔ እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር፤ ሲመጣም ሲቆምም ምክንያት አለው ብዬ አላስብም። በማግሥቱ ደቦው በልቶ ጠግቦ አመስግኖ ሄደ። ያ ዱቄት የት እንደደረሰ፣ ገብሱንስ ከማን እንደተበደርሽ፣ እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ አስቤው አላውቅም። ለአባቴም አልነገርሽውም፤ ነግረሽው ቢሆን ኖሮ ጀርባዬ ያስታውሰው ነበር። አሁን የምጠይቅሽ ይቅርታ ከአርባ ዓመት በላይ የዘገየ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተቀበይኝ።

ከዚያ በኋላ ባለ ወፍጮው የጥንት ዕቃ ወዳሉበት ቤት ወሰዱኝ። ስለ ሰበሰቡት ነገር ብዙ አልጽፍልሽም፤ አብዛኛውን አንቺ በእጅሽ የሠራሽበት ነውና። ሞፈርና ቀንበር፣ ጫፉ ያለቀ ማረሻ፣ አሞሌ ጨው፣ ኩራዝና ፋኖስ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ከጣልያን ጊዜ የቀረ የዛገ የውሃ መያዣ፣ ሲተኙበት የለሰለሰ ጀንዲ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ እንስራ፣ አገልግል፣ በአንድ ጎን የተጠረበ ሙቀጫ አሉ። የልጅ ልጃቸው በየዕቃው ላይ በካርቶን ስሙን ጽፎ አንጠልጥሏል፤ ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው፣ ዳሩ ግን ከዘነዘናው ላይ «የእረኛ ዱላ» ብሎ ጽፎበታል። አንዲት የወፍጮ ደንበኛ አሮጊት ይህን ሰምተው፣ ልጁ በዚያ ዱላ በሬ የሚነዳ እረኛ ቢያገኝ ወደ እርሳቸው እንዲያመጣው፣ ሴት ልጅ እንዳላቸው ነገሩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ልጁም ካርቶኑን አውርዶ ኪሱ ከተተ።

አንድ ጠገራ ብርም አለ። የልጅ ልጁ ብሩን አሳይቶኝ በላዩ የተጻፈው 1780 ስለሆነ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በቤተሰባቸው እጅ እንደቆየ አስረዳኝ። ይህ ዓመት በብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ የሞት ዓመት መሆኑን፣ ብሩም ከዚያ በኋላ እጅግ ረጅም ዘመን ያንኑ ዓመት እየያዘ ሲመታ እንደኖረ ነገርኩት። ትንሽ ቅር አለው። ባልነገርኩት ይሻል ነበር መሰለኝ።

በዚያ ቤት ውስጥ ያስከፋኝ ነገር ቢኖር ግን ከበሩ በላይ የተጻፈው «የጥንት ዘመን ዕቃዎች» የሚለው ነው። የተጠቀሙበት ሰዎች በሕይወት ያሉበትን ዕቃ ጥንታዊ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ወፍጮው ራሱ በጎን ሲፈጭ እየተሰማ፣ እርሱን የሚመስለውን ሁሉ ካለፈ ዘመን መቁጠር እንዴት ይሆናል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ አካባቢው በገባ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ነዳጅም ታጥቶ የከተማው ወፍጮ ሁሉ ሲቆም፣ የውሃ ወፍጮው ሌት ተቀን ሲፈጭ እንደሰነበተ፣ የማያውቁት ሰው ሁሉ ከሩቅ እህል ተሸክሞ ይመጣ እንደነበር ባለ ወፍጮው አጫውተውኛል። የደሴ ሙዚየም የተዘረፈውም በዚያው ጊዜ ነው። ይህን ባነሣ ጊዜ፣ እርሳቸው ከሰበሰቡት ውስጥ ጠገራ ብሩንና ዋንጫውን ዱቄት ውስጥ ቀብረው እንዳዳኑት፣ ድንጋይ ግን ማንም እንደማይሰርቅ ነገሩኝ። ወፍጮው የቆመው በሰባ ሰባት ብቻ ነው። ያኔ ውሃው ደርቆ፣ እህሉም ጠፍቶ፣ ቦዩ ውስጥ ሣር በቀለበት። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ አንቺም ስለዚያ ዓመት እንደማትናገሪ አውቃለሁና።

ከቤቱ ደጅ የሰፈሩ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የእጃቸውን ሥራ ዘርግተው ይውላሉ፤ እህል የሚያስፈጨው ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ይገዛቸዋል። ሸክላ ሠሪዎቹ በኩበት ያቃጠሉትን ጀበናና ድስት ደርድረዋል፤ አንዷ የጀበናውን ጆሮ በጣቷ ነክታ ድምፁን ካሰማችኝ በኋላ ነው የሸጠችልኝ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ነበር፤ ከባድ፣ ሻካራ፣ ግን አንድ ሌሊት ብርድ የሚያስረሳ። የስፌቷ ሴት ደግሞ ሰንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች በወስፌ ስትወጋ ሳያት፣ ክረምት ክረምት በምድጃው ዳር ተቀምጠሽ አክርማውን በከንፈርሽ ይዘሽ የምትሰፊው አንቺ መሰልሽኝ። ዛሬ ከተማ ውስጥ በላስቲክ ክር የተሰፋ መሶብ ሞልቷል፤ ቀለሙ ያበራል፣ እንጀራው ግን ያልበዋል። ከሰንደዶ የተሰፋች አንዲት ትንሽ ሙዳይ ገዝቼልሻለሁ። ሴትዮዋ ለእናቴ መሆኑን ስትሰማ ዋጋ ቀነሰችልኝ፤ እኔም ለእናቴ መሆኑን ባልነግራት ኖሮ ዋጋ ሳይቀነስ እከፍላት ነበር ብዬ አፈርኩ። ሙዳይዋን ከባና ጋር አድርጌ በሚመጣው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ ሰው እልክልሻለሁ። ባናው ለጉልበትሽ ነው፤ ደርቢው እንጂ ለእንግዳ አታስቀምጪው።

ቡና ተፈላልንና በፍንጃል እየቀረበልን ሦስተኛውን ስንጠጣ፣ ባለ ወፍጮው የሰበሰቡት ዕቃ ሁሉ ቢኖርም አንድ ነገር እንደጎደላቸው ነገሩኝ። የሴት ወፍጮ የላቸውም። የውሃ ወፍጮ ባለቤት ሆነው የእጅ ወፍጮ በቤታቸው ባለማኖራቸው ያዝናሉ፤ የእናታቸው ወፍጮ ቤታቸው ሲፈርስ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ለግንብ ገብቷል። በየቤቱ ያለውን ሲጠይቁም፣ አንዱ ቤት ወፍጮው አለ መጁ የለም፣ ሌላው ቤት መጁ አለ ወፍጮው የለም። መጅና ወፍጮ ደግሞ እየተበላሉ አብረው የሚያረጁ ናቸው፤ የአንዱን ከሌላው ቢያጋጥሙት ይወዛወዛል እንጂ አይፈጭም፤ እርሳቸው የሚፈልጉትም የሚታይ ሳይሆን የሚፈጭ ነው፤ የሰፈሩ ሴት ልጆች እንዲሞክሩት፣ ወንዶቹም እንዲሞክሩት። በዚህን ጊዜ አፌ ቀድሞኝ እናቴ አላት አልሁ።

ካልሁ በኋላ ነው የደነገጥሁት። ከአራት ዓመት በፊት ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ መጁን በነጠላ ጠቅልለሽ ይዘሽ መውጣትሽን፣ የአውቶቡሱ ረዳት ድንጋይ አልጭንም ብሎ አሻፈረኝ ማለቱን፣ አንቺም ተሳፋሪው ሁሉ እያየሽ እያለቀስሽ ለእኔ መስጠትሽን አልረሳሁትም። «እስክመለስ አስቀምጥልኝ» ነበር ያልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፤ አንድ ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥሁት በኋላ ቦታ ጠበበንና በግቢው ያለውን የውሃ በርሜል ክዳን ነፋስ እንዳያነሣው ጫንኩበት። እዚያው ሦስት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆበታል። ያን ሌሊት እስከ ዶሮ ጩኸት ያዳነኝን ድንጋይ ማለቴ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤት እንደገባሁ በእጅ ባትሪ ሄጄ አነሣሁት፤ ከሆዱ በኩል እንደ መስተዋት ለስልሷል፣ ከጀርባው ደግሞ መዳፍሽ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። የእኔን መዳፍ ባስገባበት ሰፊ ሆኖ አልገባም አለኝ። በሚዛን ሳስቀምጠው አራት ኪሎ ተኩል ሆነ፤ ስትጀምሪበት ስንት ኪሎ እንደነበር አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ የጎደለውን እኛ በልተነዋል።

ወፍጮው፣ እንደምታውቂው፣ ዛሬም አጎቴ ዘንድ በጓዳው መደብ ላይ እንደተተከለ ነው። እሁድ ደውዬ ጠየቅሁት፤ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች አለኝ። እኅቴ ከፈቀደች ይወሰድ፣ ካልፈቀደች ግን ቤቱ እስኪፈርስ እዚያው ይሆናል አለ። ባለ ወፍጮው ለማጓጓዣው አህያና ሰው እንደሚልኩ፣ ወፍጮውንም ከነመደቡ አድርገው በበሩ በስተቀኝ እንደሚተክሉት ቃል ገብተውልኛል። ስምሽ ይጻፍበት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን በካርቶን ላይ የልጅ ልጃቸው ጽሕፈት እንዴት እንደሆነ አይቻለሁና ቃል አልገባሁላቸውም።

በእኔ በኩል ያለውን አሳብ ልደብቅሽ አልችልም። በአዲስ አበባ አንዳንድ ሆቴል በር ላይ ወፍጮ ገልብጠው አበባ ሲተክሉበት አይቻለሁና ያንቺ እንዲያ ከሚሆን ይልቅ ገብስ ቢፈጭበት እመርጣለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ «እስክመለስ» ያልሽኝን ቃል አፍርሼ ንብረትሽን ለሰው ብሰጥ፣ አትመለሽም ብዬ የፈረድሁብሽ ይመስልብኛል፤ ይህን ደግሞ ልቤ እሺ አይለኝም። እትዬ ብትስማማና መጁን ራሱን ብትፈልጊው፣ በዚህ ጊዜ በአውቶቡስ ሳይሆን በሰው መኪና ከባናው ጋር እልከዋለሁ፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ለምን ይሆናል አትበይ፣ ከአልጋሽ አጠገብ ይሁን። ወይም ደግሞ ለመስቀል ስትመጪ አብረን ወደ ኩታበር እንወርድ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን በበቅሎ እንደሚያወርዱሽ ባለ ወፍጮው ነግረውኛል፤ ሽማግሌውን አይተሽ፣ ወፍጮ ቤቱን ጎብኝተሽ፣ እዚያው ትወስኛለሽ። እርሳቸውም ከእናትህ አፍ ካልሰማሁ አልቀበልም ብለዋል።

መልሱን በደብዳቤ ለመጻፍ አትድከሚ፤ ለእትዬ ልጅ ንገሪያትና በስልክ ታንብብልኝ። ግን እባክሽ «አንተ እንዳልህ» አትበይኝ። የደቦውንም ሌሊት ነገር ጨምሪበት፤ ገብሱን ከማን ተበድረሽ ነበር? እዳው ተመልሶ እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስሽ እስኪደርስ ድረስ መጁን አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከቤት ውስጥ አስገብቼዋለሁ። በርሜሉን በጡብ ከድኜዋለሁ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ ልጅሽ፣
ደሴ፣ ታኅሣሥ